ወፍ ፎቶግራፍ አንሺውን እንግዳ ማን ይምራው?

በየዓመቱ ዝናቡ ካባራና መንገዱ ከደረቀ በኋላ በአንዳንድ የገጠር ቀበሌዎች አንድ ዓይነት እንግዳ ብቅ ማለቱ የተለመደ ሆኗል። መኪናው ከእርሻው ዳር ይቆማል፤ ክንድ የሚያህል ካሜራ ያነገቡ ሰዎች ይወርዳሉ፤ ከብት የሚጠብቀውን ልጅ ጠርተው ስለ አንዲት ወፍ ይጠይቁታል። ልጁ የምታድርበትን ዛፍ ያውቃልና ያሳያቸዋል። ጥቂት ብር ወይም ከረሜላ ይቀበላል። ከሁለት ሰዓት በኋላ መኪናው ተነሥቶ ይሄዳል። ለዚህ ጉዞ እንግዳው በከተማ ለሚገኝ አስጎብኚ ድርጅት ብዙ ገንዘብ ከፍሏል፤ ወፏ ያለችበት ገበሬ ማኅበር ግን ከዚህ ሁሉ የሚደርሰው የመኪናው አቧራ ብቻ ነው።

ይህ አሠራር መለወጥ አለበት። የሚለወጠውም ከተማ ያለው ድርጅት በጎ ፈቃድ ሲያድርበት ሳይሆን ገበሬ ማኅበሩ በጠቅላላ ጉባዔው መክሮ እንግዳውን የሚመራው ማን እንደሆነ፣ የት ድረስ እንደሚገባና የት እንደማይገባ አስቀድሞ ሲወስን ነው። ውሳኔው የገንዘብ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነም ከወዲሁ መታወቅ ይኖርበታል። ያለ መሪ የገባ እንግዳ ሳያውቀው የወፏን ጎጆ ያፈርሳል፤ የተከለለውን ሣር ይረግጣል፤ ወፏ ከቦታው ከጠፋች ደግሞ እንግዳውም ተመልሶ አይመጣም።

ለገበሬው ወፍ በመጀመሪያ ደረጃ የእህል ጠላት መሆኗ አይካድም። ማሽላው ፍሬ በያዘ ጊዜ ግሪሳ እንደ ደመና ወርዶ የዓመቱን ድካም በጥቂት ቀናት እንዴት እንደሚያራግፈው የደረሰበት ያውቀዋል። ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፍ ይዞ፣ ጅራፍ እያጮኸ ከንጋት እስከ ምሽት የሚውል ልጅ ስለ ወፍ የሚያስበው ስለ ሌባ እንደሚያስበው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ባሕር ተሻግሮ፣ ገንዘቡን ከስክሶ ወፍ ሊያይ መጣ ሲባል ሽማግሌው ቢስቁ አይፈረድባቸውም።

ነገሩ ግን የቧልት አይደለም። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከአገራችን በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኙም፤ ጥቂቶቹ ደግሞ በአገራችንም ውስጥ ቢሆን ከጥቂት ወረዳዎች አያልፉም። በቦረና፣ በያቤሎ፣ በአሬሮና በሜጋ አካባቢ የምትኖረውን አመድማ ቁራ እንውሰድ። ይህቺ ወፍ በዓይኗ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያላት፣ ከግራር ላይ ትልቅ ድቡልቡል ጎጆ የምትሠራ፣ ከከብት ኋላ እየተከተለች እበቱን እየገለበጠች ትል የምትለቅም ናት። ለአርብቶ አደሩ ከሌላው ቁራ ብዙም አትለይም። ለሳይንስ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1938 ሲሆን ከዚያ ወዲህ ከዚያች አካባቢ ውጭ አልተገኘችም። ሊቃውንት ምክንያቱን ሲያጠኑ ያገኙት የአየሩን ቅዝቃዜ ነው፤ በዙሪያው ያለው ቆላ ለእርሷ ሞቃት ነው፣ የምትኖርበት ስፍራ ግን ቀዝቀዝ ይላል። እርሷን ፎቶግራፍ ማንሳት የፈለገ ሰው፣ ጃፓናዊም ይሁን እንግሊዛዊ፣ ቦረና ድረስ ከመምጣት በቀር ምርጫ የለውም።

የአንኮበሯም እንደዚሁ ናት። በ1968 ዓ.ም. ጆን አሽ የተባሉ የወፍ ተመራማሪ በአንኮበር ገደል አፋፍ ላይ አንዲት ድንቢጥ የምታህል፣ ቡናማና ዝንጉርጉር ወፍ አዩ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በሳይንስ መዝገብ ገባች። መልኳ ዓይን የሚስብ አይደለም። አላፊ አግዳሚው ሁለተኛ ዞሮ አያያትም። ሆኖም የእርሷን ምስል ለማግኘት ሰዎች ገደሉ አፋፍ ላይ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ይቆማሉ።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን በደቡብ በነጌሌ ቦረና በኩል በሚገኘው ደን የምትኖረው ክንፈ ቀይ፣ ራሰ ነጭ ወፍ ታሪክ ነው። ሩስፖሊ የተባለ የኢጣልያ መስፍን በዚያ አገር ሲጓዝ እ.ኤ.አ. በ1893 በዝሆን ተገደለ። ከሞተ በኋላ ከጓዙ መካከል የዚህች ወፍ ቆዳ ተገኘ፤ ከየት እንደተወሰደች ግን የጻፈው ነገር አልነበረም። በዚህ ምክንያት ሊቃውንቱ ወፏን ዳግመኛ በሕይወት ለማየት እስከ 1940ዎቹ ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። በነጭ ሣር ፓርክም እ.ኤ.አ. በ1990 በመንገድ ላይ በተገኘ አንድ ክንፍ ብቻ ለሳይንስ የታወቀች የሌሊት ወፍ አለች፤ በሳይንስ የተሰጣት ስምም «ክንፍ ብቻ» ማለት ነው። ይህን የምናነሣው ለጨዋታ ያህል አይደለም። ሊቁ የጎደለው «የት» የሚለው ነው። «የት» የሚለውን ደግሞ እረኛው ያውቀዋል። የሚሸጠውም ዕቃ ይኸው ነው።

ወፍ ፎቶግራፍ ለማንሳት የሚመጣ እንግዳ የሚፈልገው ወፏን በመነጽር ከሩቅ አይቶ መዝግቦ መሄድ ሳይሆን በቂ ብርሃን ባለበት፣ በቅርብ ርቀት፣ ወፏ ሳትደነግጥ በተፈጥሮ ሥራዋ ላይ እንዳለች ማግኘት ነው። ለዚህም መሪው ሦስት ነገር ማወቅ ይኖርበታል፤ ይኸውም ሰዓቱን፣ ፀሐይዋን እና የወፏን ጠባይ ነው።

የሰዓቱ ነገር ለገበሬ አዲስ አይደለም። ወፍ የምትበላውና የምትዘምረው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ኋላም ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ጀንበር እስክትጠልቅ ነው። በእኩለ ቀን ወፏም ትሸሸጋለች፣ ብርሃኑም ከአናት ወርዶ ምስሉን ያበላሻል። ስለዚህ እንግዳው በ4 ሰዓት ቁርሱን በልቶ ከሆቴል ሲነሣ ብዙው ነገር አልፏል ማለት ነው፤ መሪው ይህን አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል። ፀሐይዋ ደግሞ ከአንሺው ጀርባ መሆን አለባት። ስለዚህ መሪው ጠዋት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ማታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ፊቱን አዙሮ የሚያስኬድ መንገድ መምረጥ ይኖርበታል። ይህን ያህል ቀላል ነገር ባለመታወቁ ብቻ ብዙ እንግዶች ጥቁር ጥላ ብቻ ይዘው ተመልሰዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ጠባይዋን ማወቅ ነው። ወደ ወፍ ቀጥ ብለው ሲሄዱባት አዳኝ መጣ ብላ ትነሣለች። እየተጠማዘዙ፣ ሌላ ነገር የሚፈልጉ መስለው፣ ጥቂት ተራምደው ቆም እያሉ ሲጠጉ ግን ትታገሣለች። መብላቷን አቁማ አንገቷን ካቀናች ያ የመጨረሻው ወሰን ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድ እርምጃ መጨመር እርሷን ማባረር ነው። መሪው ነጭ ጋቢ ለብሶ ባይወጣ ይመረጣል፤ ከሩቅ ስለሚታይ ቡናማ ወይም የቅጠል መልክ ያለው ልብስ ይሻላል። በዱላ ወይም በጣት ድንገት መጠቆምም ወፍ ያስነሣል። «ከዋርካው በስተቀኝ፣ ከደረቁ ቅርንጫፍ በታች» ብሎ በለሆሳስ መናገር ይበቃል።

እዚህ ላይ ስለ ማማው አንድ ነገር እንበል። ገበሬው ለወፍ ጥበቃ የሚሠራው ማማ በትንሽ ለውጥ ብቻ ለፎቶግራፍ አንሺ ጥሩ መቀመጫ ይሆናል። ዙሪያውን በሣር ወይም በገለባ ሸፍኖ የካሜራ ማውጫ ቀዳዳ መተው ነው። ለውኃ ዳር ወፎች ደግሞ ማማ ሳይሆን መሬት የተጠጋ ትንሽ ዳስ ይሻላል፤ ምስሉ ከወፏ ዓይን ትክክል ሲነሣ ያምራልና። በበጋ ወራት አንድ ትንሽ የውኃ ገንዳ ከዳሱ ፊት ቢቀመጥና ውኃው በየቀኑ ቢሞላ ወፎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለምዱታል። ዳሱ ወፏ ከመምጣቷ በፊት በጨለማ የሚገባበት፣ ከሄደችም በኋላ የሚወጣበት መሆን አለበት። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው እንጨት፣ ሣርና የጥቂት ሰዎች የአንድ ቀን ጉልበት ነው። አንድም ነገር ከውጭ አገር አይገዛም።

እንግዳ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ተብሎ መታሰብ የለበትም። አንዱ ስድስት መቶ ሚሊሜትር የሚባለውን ረጅም ሌንስ በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተክሎ አንዲት ወፍ ግማሽ ቀን የሚጠብቅ ባለሙያ ነው። ሌላው ከአዲስ አበባ ቅዳሜ ተነሥቶ እሑድ የሚመለስ፣ ካሜራውን ባለፈው ወር የገዛ ወጣት ነው። ሦስተኛዋ የእጅ ስልክ ብቻ የያዘች ተማሪ ትሆናለች። ብዙዎች ለባለ ረጅሙ ሌንስ አደግድገው ለተማሪዋ ፊት ይነሣሉ። ይህ ስሕተት ነው። የውጭው እንግዳ ወረርሽኝ ሲመጣ ወይም ጦርነት ሲነሣ ይቀራል፤ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ያየነው ይህንኑ ነው። ያገሩ ልጅ ግን መንገዱ በተከፈተ ማግሥት ይመጣል፣ ጓደኞቹንም ይዞ ይመለሳል።

ለጀማሪ የሚስማማው ወፎች ሰው የለመዱበት ቦታ ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል በተባለው የዓሣ ገበያ፣ በአንገቱ ከረጢት የሚንጠለጠልበት ትልቁ ማራቡ ዓሣ አጥማጁ የጣለውን አንጀት ለመልቀም በሰው እግር ሥር ይመላለሳል። በዝዋይ ሐይቅ፣ በባቱ ከተማ በኩል ካለው የጀልባ ማቆሚያ፣ ይብራና ሌሎች የውኃ ወፎች በቅርብ ይገኛሉ። በእንዲህ ያለ ቦታ ጀማሪው ተኝታ የማትጠብቀውን ወፍ ማንሳት ይማራል፤ ይኸውም የምትበር ወፍ ጥርት ብላ እንድትወጣ ካሜራው ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ማንሳት እንዳለበት፣ ዓይኗ ካልጠራ የቀረው ሁሉ ቢጠራ ዋጋ እንደሌለው ያውቃል። መሪው የካሜራውን ብልት ሁሉ ማወቅ አይጠበቅበትም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ካወቀ ግን ለጀማሪው መካሪ ይሆነዋል።

ለጀማሪ የሚመች አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የመስቀል ወፍ ነው። በዓመት አንዴ ብቻ የሚታይን ሰው «የመስቀል ወፍ» ማለት የተለመደ አባባል ነው። ወፉ ግን የትም ሄዶ አይደለም። ወንዱ በክረምት ለመራባት ቀይና ጥቁር ወይም ረጅም ጭራ ያለው የሠርግ ልብሱን ይለብሳል፤ ወራቱ ሲያልፍ ያወልቀውና እንደ ሴቷ ቡናማ ሆኖ ከድንቢጥ መንጋ ጋር ይቀላቀላል። ዓመቱን በሙሉ ከእኛው ጋር አለ ማለት ነው። በመስከረም አጋማሽ ዝናቡ ሲያባራና አደይ አበባ ሜዳውን ሲሸፍን፣ በየማሳው ዳር የሚታየውን ይህን ወፍ ለማንሳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአዲስ አበባ አካባቢ ገበሬ ማኅበራት ይህን ወቅት ቢያስቡበት መልካም ነው።

ባለሙያውን ግን ወደ ገደሉ መውሰድ ነው። በሰሜን ሸዋ በደብረ ሊባኖስ ገደል አፋፍ ላይ አጥንት ከሰማይ ጥሎ የሚሰብረው ታላቁ አሞራ ከተመልካቹ እግር በታች ሲያንዣብብ ጀርባው ሁሉ ይታያል። በሌላው ዓለም ይህን አሞራ የሚያዩት ወደ ላይ አንጋጠው ነው። በጀማ ሸለቆ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች የሚያውቋት ቆቅም ለጥበቡ ለደረሰ ሰው የብዙ ቀን ሥራ ናት። የገደል አሞራ ግን በጅብ ሰበብ በሚጣል መርዝ እንደሚያልቅ መርሳት አይገባም። የተመረዘ ሥጋ የበላ አንድ አሞራ ብቻውን አይሞትም፤ መንጋው በሙሉ በአንድ ሬሳ ላይ ይቀመጣልና።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ፎቶግራፍ አንሺ ሁሉ የወፍ ወዳጅ ነው ብሎ ማመን የዋህነት ነው። አንዳንዱ ለአንድ ምስል ሲል ጎጆ የሸፈነውን ቅርንጫፍ ይቆርጣል፤ ፀሐይ ጫጩቶቹን ታቃጥላቸዋለች፣ ቁራም ያያቸዋል። አንዳንዱ የተቀዳ የወፍ ድምፅ በተደጋጋሚ እያሰማ ወንዱን ያደክመዋል፤ ወንዱ ጠላት የገባበት መስሎት መብሉንም ጎጆውንም ትቶ ሲዞር ይውላል። አንዳንዱ ወፏ እንድትበር ልጆች ድንጋይ እንዲወረውሩ ያዝዛል። ጎጆ ላይ ያለችን ወፍ ማንሳት በገበሬ ማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ መከልከል አለበት። ድምፅ ማሰማትም ቢሆን መሪው ካልፈቀደ መፈቀድ የለበትም። ይህን የጣሰ እንግዳ የቱንም ያህል ቢከፍል ከቦታው እንዲወጣ መደረግ ይኖርበታል። መሪው ይህን ለማለት ድፍረት የሚያገኘው ግን ከኋላው ማኅበሩ ሲቆም ነው፤ ብቻውን የሆነ የሃያ ዓመት ወጣት ብር የያዘ ሰውን አይከለክልም።

ፈጽሞ ፎቶግራፍ አንሺ የማይገባበት ቦታና ወቅት መኖሩንም መሪዎች ሊያምኑ ይገባል። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከአዲስ ዓለም አጠገብ በርጋ የሚባል ረግረጋማ ሜዳ አለ። በክረምት፣ ሣሩ ከጉልበት ሲደርስ፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት አንዲት ጥቃቅን የረግረግ ወፍ እዚያ ትፈለፍላለች። በዓለም ላይ የምትራባባቸው የታወቁ ቦታዎች በኢትዮጵያ ደጋና በደቡብ አፍሪካ ያሉ ጥቂት ረግረጎች ብቻ ናቸው። በሣሩ ውስጥ እንደ አይጥ እየተሽሎከሎከች ስለምትሄድ እርሷን ለማየት ሣሩን መርገጥ ግድ ይላል፤ ሣሩን መርገጥ ደግሞ እንቁላሉን መርገጥ ነው። የበርጋ ነዋሪዎች የወፍ ወዳጆች ማኅበር አቋቁመው ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋር ሜዳውን ለመጠበቅ ሠርተዋል። ፎቶግራፍ የሚፈልግስ? እ.ኤ.አ. በ2018 በደቡብ አፍሪካ ይህቺው ወፍ በዚያ እንደምትራባ የተረጋገጠው ማንም ሰው ሳይጠጋ፣ በረግረጉ ውስጥ በተተከሉ፣ ወፏ ስታልፍ ራሳቸው በሚያነሡ ካሜራዎች ነው። እንግዳው ይህን ሲሰማ ቅር ቢለውም ይረዳል። ካልተረዳም የራሱ ጉዳይ ነው።

የሊበን ሜዳ ጉዳይ ከዚህ የከፋ ነው። በነጌሌ ቦረና አጠገብ ባለው በዚህ የሣር ሜዳ የምትኖረው ትንሽ የመሬት ወፍ ከዓለም ልትጠፋ ከተቃረቡት ወፎች አንዷ ናት። ጠላቷ ወንጭፍ አይደለም፤ ሜዳው በከብት ብዛት መጋጡ፣ በከፊል መታረሱና በቁጥቋጦ መዋጡ ነው። አርብቶ አደሩ በዚያ የሚጎዳው ወፏ በምትጎዳበት ምክንያት ነው። ስለዚህ መፍትሔውም አንድ ሆነ፤ በቦረና ባህል ካሎ የሚባለው፣ ለጥጃና ለድርቅ ወቅት ተብሎ የሚከለለው የግጦሽ መሬት እንደገና ተከለለ፣ ቁጥቋጦው ተመነጠረ፣ ሣሩም አገገመ። ወፏም ሣሩ ወዳገገመበት ገብታ ታይታለች። እዚያ የሚሄድ ፎቶግራፍ አንሺ የሚከፍለው ገንዘብ ትክክለኛ ቦታው የካሎው አጥር መጠገኛ ነው። ለሌላ ነገር ከዋለ ሣሩ ይጋጣል፣ ወፏም ትሄዳለች።

መሬት ከልሎ በደንብ ማስተዳደር ለገበሬ ማኅበራት እንግዳ ነገር አለመሆኑን የመንዝ ጓሳ ታሪክ ያስረዳል። በመንዝ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለው የጓሳ መሬት ቄሮ በሚባለው የአባቶች ሥርዓት ለረጅም ዘመን ሲተዳደር ኖሯል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሣ ስለሚያገለግል ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋና በተወሰነ ቀን ይከፈት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅና ገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙ የቄሮው ሥልጣን ወደቀ፤ ሣሩ የሁሉም ሆነ፣ የሁሉም በመሆኑም ጠባቂ አጣ። ከብዙ ድካም በኋላ ግን በዙሪያው ያሉት ቀበሌዎች የራሳቸውን ደንብ አውጥተው ጥበቃውን መለሱት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓመትም የአማራ ክልል በሕግ የማኅበረሰብ ጥበቃ ስፍራ አድርጎ አወቀው። ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድረው የእንግዳ ማረፊያም አለ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት የሚመጣው እንግዳ በዚያው ክንፈ ሰማያዊ ዝይና የገደል አሞራ ያነሣል። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ ጉዞው መሰናከሉ የታወቀ ነው። ሰላም በሌለበት ስለ ወፍ ማውራት ትርፍ ነው የሚሉ አሉ። ደንቡና ልማዱ ከተጠበቀ ግን ሰላም በሰፈነ ዕለት ሥራው ከዜሮ አይጀመርም።

ስለ ገንዘቡ በግልጽ መነጋገር ይገባል። ከወፍ ፎቶግራፍ የሚገኘው ገቢ ትልቅ አይደለም። ማዳበሪያ አይተካም፤ ምርጥ ዘር አይገዛም፤ ለአንድ ቀበሌ ሕዝብ ሁሉ እንጀራ አይሆንም። ይህ ገጽ እንዲህ ያለ ተስፋ አይሰጥም። ለጥቂት ቤተሰቦች ከእርሻ ጎን የሚገኝ ጭማሪ፣ ለማኅበሩም የጋራ መሬቱን ለመጠበቅ የሚሆን የማያቋርጥ ትንሽ ገንዘብ ነው። ትንሽ ገንዘብ ደግሞ ከትልቅ ገንዘብ ይልቅ ጠብ ያስነሣል። በደባርቅ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጡ እንግዶችን የሚያጅቡ አስጎብኚዎችና ባለበቅሎዎች በማኅበር ተደራጅተው በተራ ሲሠሩ የኖሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ተራው በጽሑፍ ካልሆነ ሥራው በሊቀ መንበሩ ዘመዶች እጅ ይወድቃል፤ ይህ በብዙ ቦታ የታየ ነው፣ ስም መጥራት አያስፈልግም።

እኛ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። እንግዳው ለመሪው በቀጥታ ከኪሱ አይክፈል፤ በማኅበሩ ወይም በኅብረት ሥራው ደረሰኝ ይክፈል። ከክፍያውም ሁለት እጁ ለመሪው፣ ሲሶው ለማኅበሩ ይሁን። ሲሶ የሚለው ቃል ለአንዳንድ አባቶች የጭሰኝነትን ዘመን ሊያስታውሳቸው ይችላል፤ የዛሬው ሲሶ ግን ለባላባት የሚገበር ሳይሆን ለራስ ሜዳ የሚመለስ ነው። ዳሱ ወይም ማማው በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ከቆመ ለዚያ ገበሬ የተለየ ኪራይ ይታሰብለት፤ ወፏ የምትበላው የእርሱን እህል ነውና። ቡናና ቁርስ የሚያቀርቡ እናቶችም ከመሪው ጋር አንድ ላይ ዋጋቸው ተቆርጦ ይታወቅ። እንግዳ ጠዋት በ3 ሰዓት ተርቦ ከዳስ ሲወጣ ትኩስ ነገር ካገኘ ስለ ዋጋው አይከራከርም።

መሪውም ቢሆን በዘፈቀደ የተመረጠ መሆን የለበትም። ብዙ ጊዜ ዲግሪ ያለው ይፈለጋል። ለዚህ ሥራ ግን ከእንግሊዝኛ ይልቅ የወፏን ጎጆ የሚያውቅ ይበልጣል፤ ቋንቋው በጥቂት ወራት ይለመዳል፣ የወፍን ነገር ግን ከልጅነት ጀምሮ ያልኖረበት አይማረውም። ማማ ላይ ያደጉት ወጣቶች፣ ሴቶቹም ጭምር፣ የመጀመሪያዎቹ ዕጩዎች ሊሆኑ ይገባል። ፈቃዱን በተመለከተ ከወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ ቦታ የፓርኩ አስተዳደር ሥልጣን እንደሆነና በዚያ የገበሬ ማኅበር ደረሰኝ እንደማይሠራም መታወቅ አለበት። በሰማይ የሚበር ካሜራ፣ ድሮን የሚሉትን፣ ይዞ የመጣ እንግዳ የመንግሥት ፈቃዱን ሳያሳይ እንዳያስነሣ መሪው ይጠይቀው፤ ወፎችን ከጎጆ የሚያስነሣ ነገር በመሆኑም ከፈቃድ ጋር ቢሆንም ባይነሣ ይሻላል። በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ቅጥር ባሉ ዛፎች ላይ ወፍ ማንሳት የሚፈልግ እንግዳ ከደብሩ አስተዳዳሪ ወይም ከመስጊዱ ሽማግሌዎች ፈቃድ ሊጠይቅ ይገባዋል። ሰዎችን፣ በተለይም ውኃ የሚቀዱ ሴቶችን ሳይጠይቁ ማንሳት እንደማይቻል ደግሞ ገና ከመኪናው ሲወርድ ይነገረው።

ልጆችን በሚመለከት አንድ ጉዳይ ይቀራል። እንግዳ በታየ ቁጥር ሃያ ልጅ እየጮኸ ሲከበው ወፏም ትሸሻለች፣ እንግዳውም ያዝናል፣ ልጁም ትምህርቱን ትቶ ልመና ይለምዳል። ከረሜላና ብር ለልጆች በእጅ መስጠት ይከልከል። ሊሰጥ የፈለገ ለትምህርት ቤቱ ይስጥ። ከትምህርት ቤቱ የተፈጥሮ ክበብ ተማሪዎች ጋር ቅዳሜ ጠዋት አብሮ ለመውጣትና ካሜራውን ለሩብ ሰዓት ለማዋስ ፈቃደኛ የሚሆን እንግዳም ጥቂት አይደለም፤ መሪው ሳያፍር ይጠይቀው። የወፉን ዓይን በካሜራ ያየ ልጅ በማግሥቱ ወንጭፉን ላይጥል ይችላል፣ ግሪሳም እንደሆነ መባረር አለበት፤ ግን የትኛዋን እንደሚያባርርና የትኛዋን እንደሚተው ይለያል።

ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት የውኃ ወፎች ከመስከረም ጀምሮ ይገባሉ፤ እስከ መጋቢትና ሚያዝያም ይቆያሉ። ብዙው እንግዳ የሚመጣው ከጥቅምት እስከ የካቲት ሲሆን ይህ ወቅት ከመከሩ ጋር ይገጥማል። ስለዚህ መሪ የሚሆኑት ሰዎች አጨዳቸውና ውቂያቸው በምን እንደሚደረስ፣ ደቦ ይጠራላቸው እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ይህ ሁሉ መኪናው ከእርሻው ዳር በቆመበት ሰዓት የሚወሰን አይደለም። የጳጉሜን ጠቅላላ ጉባዔ በየቀበሌው ከመጥራቱ በፊት ሊቀ መንበሩ የመሪዎቹን ዕጩ ስም፣ የሚዘጉትን ጎጆ ያለባቸው ስፍራዎችና የሚከፈቱትን መንገዶች በወረቀት አዘጋጅቶ ይቅረብ። ዳሱ የሚሠራበትን እንጨትና ሣር ማን እንደሚያወጣም በዚያው ስብሰባ ይመደብ።